ሕክምናውና ሥራው አብረው ይጀመሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው እውነተኛውን ከሌለው መለየት የሚያቅተው የአእምሮ ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ በሚይዝበት ወቅት ነው። «መጀመሪያ ፈጽሞ ይዳን፣ ሥራው ይደርሳል» የሚለው የተለመደ ምክር እጅግ የሚያሳስበንም ለዚህ ነው። ከሥራ ርቆ በከረመ ቁጥር መመለሱ እየከበደ ይሄዳል።

ሕክምናውም መዘግየት የለበትም። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ «ይከታተሉኛል» ማለት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ሳይታከም በቆየ መጠን ማገገሙ ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ብዙውን ጊዜ አነስተኛ መጠን ያለው መድኃኒት ይበቃዋል። ትልቁ ጥፋት ድምፁ ሲጠፋ ክኒኑን ማቆም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ለ12 ወራት እንዲቀጥል ይመክራል። መቁነጥነጥ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የክብደት መጨመር ያስመረረው ሰው ዝም ብሎ ከሚያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ መድኃኒቱም ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ተቀርጾ በብዙ አገሮች የተፈተነ የሥራ ድጋፍ አሠራር አለ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታማሚው መሥራት መፈለጉን። ደጋፊው ባለሙያ ከሐኪሞቹ ጋር በአንድ ቡድን ይሠራል፣ በአንድ ጊዜ ከ20 ሰው በላይ አይዝም፣ በ30 ቀናት ውስጥ ከቀጣሪዎች ጋር መነጋገር ይጀምራል። ረጅም ሥልጠና አያስቀድምም። ሰውየው ከተቀጠረ በኋላም አይለየውም፤ ሥራ የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነውና።

በሥራ ላይ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ የትኩረትና የማስታወስ መዳከም፣ እንዲሁም የጠዋት ድብታ ነው። ድብታ ካለ መድኃኒቱን ማታ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ትእዛዝ በጽሑፍ ቢሰጥ፣ አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው ባይደረብ፣ በግማሽ ቀን ተጀምሮ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ቢጨመር፣ ለሕክምና ቀጠሮ ፈቃድ ባይከለከል አብዛኛው ችግር ይቃለላል። የሌሊት ፈረቃ ግን አይሆንም፤ እንቅልፍ ሲዛባ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል።

የሕመሙን ስም ለአለቃ መንገርም ሆነ አለመንገር የታማሚው ውሳኔ ነው። አለቃው ማወቅ ያለበት ምን ዓይነት ማመቻቸት እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው። ቤተሰብም ሳያማክረው ወደ መሥሪያ ቤቱ አይደውል።

በአእምሮ ሕክምናና በሥራ ድጋፍ የተሰማራን ባለሙያዎች