የእናትህ ቀሚስ

ማሙሽ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ክረምቱን አልወደደውም።

ቪዲዮውን አየሁት። ማን አሳየህ አትበለኝ፤ ሰፈራችንን ታውቀዋለህ። ከሳጥኑ የጠፋው የእናትህ ቀሚስ፣ ያ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ቶሮንቶ ገብቷል ለካ! እኔ ሠራተኛዋን ስጠረጥር ከርሜ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለብሰኸው እስክስታ ስትወርድ ትከሻህ ቁርጥ የእሷ ነው። ሁለቴ አየሁት። ሦስተኛውን በሩን ዘግቼ።

አሁን ስማኝ። ፊትህን ቲክቶክ ላይ አታውጣ። እዚያ ወንድ ወንድን ቢያገባ ሕጉ ያውቀዋል፤ እዚህ አንቀጽ 629 አለ፤ እስር ነው። እህትህ ደግሞ እዚሁ ናት። የ2015ን ነሐሴ ረሳኸው? የስንቱ ልጅ ፎቶ ከነስሙ ሲለጠፍ፣ ሆቴሉና መጠጥ ቤቱ ይፈተሻል ሲባል፣ 11 ቀን ከክፍልህ አልወጣህም። እኔ በርህን አንኳኩቼ «ምሳ ቀርቧል» ብቻ እልህ ነበር። ምን ሆንክ አላልኩህም።

እኔ ከጎንደር ማሲንቆ ይዤ ስወጣ 17 ዓመቴ ነበር። አያትህ «አዝማሪ አልወለድኩም» ብሎ ላከብኝ። ሰርጉን የምናደምቀው እኛ፣ ሲበላ ለብቻችን የምንቀመጠውም እኛ። ለዚህ ነው የራሳችን ቋንቋ የነበረን። ጌታው ንፉግ ነው፣ ያኛው ሰክሯል፣ ተነሱ እንሂድ፣ ሁሉንም እዚያው መሃላቸው ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ አይገባቸውም። እናንተም «ዜጋ» ትባባላላችሁ አሉ። ቋንቋ የሚደብቅ ሰው ለምን እንደሚደብቅ ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? አያትህ ቢያንስ ቃል ልኮብኛል። እኔ ቦሌ ስሸኝህ ያወራሁት ስለ ሻንጣህ ኪሎ ነው። የባህል ቡድኑ ያላንተ ሲመለስ እንኳ ደውዬ «ብርዱ እንዴት ነው?» አልኩህ።

ቸርች ጎዳና፣ እንዳንተ ያሉት የሚበዙበት ሰፈር፣ ሰው ዞሮ አያየኝም አልክ። ደስ ብሎኛል። ግን እንጀራ ሲያምርህ ዳንፎርዝ መሄድህ አይቀርም፤ ሐበሻው እዚያ ነው። ኩሉን ታጥበህ ሂድ። አትሸማቀቅ ታዲያ፤ ትልልቆቹን ጎንበስ ብለህ ሰላም በል። ማታ ሥራ ጨርሰህ ስትወጣ ብቻህን አትሁን። ካልሲ ደርብ።

የስደት ጉዳይህ ሲታይ እውነቱን ተናገር። ነሐሴውን ለጠበቃህ አንድ ሳታስቀር ንገረው። «አባቴ አልጠየቀኝም» በል። አታፍርልኝ።

ፊትህን ግን ቲክቶክ ላይ አታውጣ። ለእኔ በቴሌግራም ላክልኝ።

ካዛንቺስ ፈርሷል። የምጫወትበት ቤት፣ አንተም ትከሻህን ያፍታታህበት፣ አሁን ባዶ መሬት ነው። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቪዲዮው ላይ ያለው ኪቦርድ ደግሞ ይጣደፋል፤ ለአንተ ትከሻ አይሆንም። ማሲንቆውን አውርጄ፣ ቀድቼ እልክልሃለሁ።

ቀሚሱን በሙቅ ውኃ እንዳታጥበው። ጥለቱ ይለቃል።

አባትህ