ዘበኛውን የሚያስጠርግ ቫይረስ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ቫይረስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ቫይረስ ሴል ውስጥ ገብቶ መባዛት ብቻ አይደለም ሥራው፤ የሴሉን የውስጥ መልእክትም ይጠልፋል።

የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ውሰዱ። ኢ6 የተባለው ፕሮቲኑ 150 ገደማ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ብቻ ነው፤ ሚጢጢ ነገር። ፒ53 ደግሞ የተጎዳ ሴል እንዳይባዛ የሚያግድ የሴሉ የራሱ ፕሮቲን፣ ዘበኛ ነው። ኢ6 ይህን ዘበኛ ራሱ አያጠፋውም። የሴሉን የገዛ ቆሻሻ አስወጋጅ ጠርቶ ያስጠርገዋል። ተንኮሉ ጉድ ነው! ኢ7 የሚባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ የሴሉን የመከፋፈል ፍሬን ይለቅቃል።

በነገራችን ላይ፣ ፒ53 ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ኤስቪ40 ከተባለ ቫይረስ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ሲገኝ ነው።

በሚቀጥለው እትም ይህን ብታክሉበት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ