ጠበቃው ዘንድ የሄደችው እሷ ናት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፦

ስለ ጥንቱ የማሳቹሴትስ ጠበቃና ፖለቲከኛ ስለ ቴዎዶር ሴጅዊክና ስለ ቤተሰቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከሥራ ገብቼ አመሻሽ ላይ አነበብኩት። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ስለማይጻፍ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቦታ ስደርስ ግን ቅር አለኝ። «አንዲት ባሪያ ነጻ አወጣ» ይልና ያልፋል። ስም እንኳ አልተሰጣትም።

ሰዎች ማምቤት ይሏት ነበር። ነጻ ከወጣች በኋላ የያዘችው ስም ኤልዛቤት ፍሪማን ነው፤ ፍሪማን ማለት ነጻ ሰው ማለት ነው።

በማሳቹሴትስ፣ በሼፊልድ ከተማ የኮሎኔል ጆን አሽሊ ባሪያ ነበረች። አንድ ቀን የአሽሊ ሚስት ተቆጥታ በእሳት የጋለ የምድጃ መዛቂያ አነሳች። ልትመታ የቃጣችው ሊዚ የምትባለውን ልጅ ነበር። ማምቤት ክንዷን አስገባችና ምቱ እሷ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ጠባሳውን አልሸፈነችውም። ሰው «ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት እመቤቲቱ ፊት ቆማ «እሷን ጠይቋት» ትል ነበር። ይህን ጽፋ ያቆየችልን የሴጅዊክ ልጅ፣ ደራሲዋ ካተሪን ናት።

በ1780 እ.ኤ.አ. የወጣው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ ይወለዳል ይላል። ማምቤት ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ጌቶቿ ገበታ ላይ ሲያወሩ፣ ጽሑፍ ሲነበብ፣ ጆሮዋ ክፍት ነበር። የሰማችውን ይዛ ሴጅዊክ ዘንድ ሄደች፤ ሕጉ እኔንስ አይጨምርም ወይ አለችው። እሱ ፈልጎ አላገኛትም፤ እሷ ናት ፈልጋ ያገኘችው። ጽሑፋችሁ የገለበጠው ይህንን ነው።

ሴጅዊክን ላሳንስ አይደለም። ያኔ የ35 ዓመት ሰው ነው። ከሳሽ ሆኖ የቆመውም በሚያውቀው ሰው ላይ ነው፤ በ1773 የሼፊልድ ሰዎች ስለ መብታቸው መግለጫ ሲያረቅቁ የተሰበሰቡት በአሽሊ ቤት ነበር፣ ጸሐፊያቸውም ራሱ ሴጅዊክ ነበር። ጉዳዩን ታፒንግ ሪቭ ከሚባል ሌላ ጠበቃ ጋር ሆኖ ያዘው። ብሮም የሚባል ሌላ የአሽሊ ባሪያም አብሮ ከሰሰ። በኦገስት 1781 ግሬት ባሪንግተን ላይ ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝቡ የተመረጡት ፈራጆች፣ ፈረደላቸው፣ 30 ሽልንግ ካሣም ተቆረጠላቸው። አሽሊ ይግባኝ ብሎ ነበር፣ በኋላ ተወው።

የሰውየውን ሹመት እናንተ በደንብ ስለዘረዘራችሁት አልደግመውም። የክልሉ ምክር ቤት፣ ሴኔት፣ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት፣ በ1813 እስኪሞት ድረስ ደግሞ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት። እኔ ያሳሰበኝ ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱን ማን ያዘው የሚለው ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ በፈንጣጣ ሞተችበት። ሁለተኛዋ ፓሜላ ድዋይት አሥር ልጆች ወለደችለት፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ሰባቱ ናቸው። ባሏ በምክር ቤት ሥራ ወራት ሙሉ ሲጠፋ ብቸኝነቷን በደብዳቤ ትነግረው ነበር፤ እያደር ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያዛት፣ በ1807 አረፈች። እነዚያን ልጆች ያሳደገች፣ ፓሜላ ስትታመም አጠገቧ የነበረች፣ ከፍርዱ በኋላ በደመወዝ የገባችላቸው ማምቤት ናት።

በ1787 በሼይስ አመጽ ጊዜ፣ ማለትም በዕዳና በግብር የተማረሩ የማሳቹሴትስ ገበሬዎች ባመጹበት ወቅት፣ ታጣቂዎች የሴጅዊክን ቤት ሲበረብሩ እሱ አልነበረም። ማምቤት የቤተሰቡን የብር ዕቃ በገዛ ሣጥኗ ውስጥ ደብቃ ጠበቀቻቸው። ሣጥኑ ጋ ሲደርሱ «የእኔን የድኻዋንም ልትፈትሹ ነው?» በሚል ዓይነት ስትዘልፋቸው አፍረው ተዉት።

እኔ እዚሁ ማሳቹሴትስ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው። የሰው ቤት ቁልፍ በኪሴ ይዤ እውላለሁ። የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ የትኛዋ ልጅ እናቷን ለማየት ስትመጣ እንደምታለቅስ አውቃለሁ። ስለዚህ የማምቤት ሣጥን ነገር ለእኔ ተረት አይደለም።

ባለፈው በጋ በዕረፍት ቀኔ ሴጅዊኮች ይኖሩበት ወደ ነበረው ወደ ስቶክብሪጅ ከተማ ሄጄ ነበር። የሴጅዊክ ቤተሰብ መቃብር ክብ ነው፤ መካከል ላይ ቴዎዶርና ፓሜላ፣ ዙሪያቸውን ልጆችና የልጅ ልጆች። ማምቤት በ1829 አርፋ እዚያው፣ ከካተሪን አጠገብ ተቀብራለች። ድንጋዩ ባሪያ ሆና መወለዷን፣ ማንበብና መጻፍ አለመቻሏን፣ አደራ በልታ አለማወቋን ይናገራል። መጨረሻው «ደጓ እናታችን፣ ደህና ሁኚ» ነው። ጎንበስ ብዬ እያንዳንዱን ቃል አነበብኩ፣ ድንጋዩንም በእጄ ዳሰስኩት። ይህ የደረሳት ቀሪው ቤተሰብ በሚያርፍበት መሬት ላይ መሆኑ አስለቀሰኝ፤ ግን በሕይወት ሳለች የራሷን ቤት በራሷ ገንዘብ መግዛቷ የበለጠ ያኮራኛል።

አንድ ልመና አለኝ። በ1811 የሴጅዊክ ምራት ሱዛን ማምቤትን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ስላ ነበር፤ ሥዕሉ ቦስተን፣ በማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ይገኛል። ሰማያዊ ቀሚስና ነጭ ቆብ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ የወርቅ ዶቃ አሥራ፣ ፊት ለፊት ታያለች። ዶቃው በኋላ ለካተሪን ደርሶ አምባር ተደርጓል። ጽሑፉን ስታርሙ ከሴጅዊክ ምስል ጎን ይህን ሥዕል አውጡት፤ ከሥሩም ኤልዛቤት ፍሪማን ብላችሁ ጻፉ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከማሳቹሴትስ