ከግድቡ በሰላም ለመለሳችሁን ሁሉ

የተከበራችሁ የጎንደርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። ተኩስ ባለበት አካባቢ ውኃ የሚያሾልከውን ግድብ ልንጠግን የሄድነው የግድብ ጥገና ቡድናችን አባላት ሁላችንም በሕይወት ገብተናል። የቆሰለው የቁፋሮ ባለሙያችንም ከሆስፒታል ወጥቶ፣ በክራንች ቢሆንም፣ ማራኪ ወደሚገኘው ቤቱ ተመልሷል። የደረሰውን ሁሉ ሰምታችኋል። ከሰማችሁት ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ እንተወው። እኔ ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው።

የምጀምረው ከግድቡ ጥበቃ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። እኛ «አያ» እንላቸዋለን።

መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ከጎንደር አንድም ባለሙያ ወደ ግድቡ መድረስ ባልቻለበት ጊዜ ሁሉ አያ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ደመወዛቸው ከቆመ ቆይቷል። ይህን የነገሩን እሳቸው ሳይሆኑ ባለቤታቸው ናቸው። በየማለዳው ከግድቡ ግርጌ የሚወጣውን ውኃ በ20 ሊትር ጄሪካን ይቀዳሉ፤ ጄሪካኑ ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በእጅ ሰዓታቸው ይቆጥራሉ፤ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው በደብተሯ ትጽፋለች። ማንም አላዘዛቸውም። ድሮ አንድ መሐንዲስ ሲያደርግ አይተው ነው።

ከደብተሩ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ጠርሙሱ ነው። አያ ከሚወጣው ውኃ ላይ በባዶ የአረቄ ጠርሙስ እየቀዱ፣ ቀኑን በፕላስተር ላይ አስጽፈው፣ በጥበቃ ቤታቸው መስኮት ላይ ደርድረውታል። በስተግራ ያሉት ጠርሙሶች የጠሩ ናቸው። ወደ ቀኝ እየሄድን ስናይ ከሥር ቀይ ጭቃ ይጀምራል፤ በመጨረሻዎቹ ላይ ጭቃው አንድ ጣት ሞልቷል። ከአፈር የተሠራ ግድብ ሁሉ ጥቂት ውኃ ያሳልፋል፤ የጠራ እስከሆነ ድረስ ብዙም አያሳስብም። ሲደፈርስ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። ውኃው አፈሩን እየሸረሸረ መንገድ ይከፍታል፤ መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ የሚቀረው የሰዓታት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር የታገዘ መሣሪያ ሊነግረን ይገባ የነበረውን ነገር የነገረን በመስኮት ላይ የተደረደረ የአረቄ ጠርሙስ ነው።

አያ ያንን ደብተር በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሁለት ጠርሙስ በአገልግል ይዘው፣ ሌሊት ሌሊት በእግራቸው እየሄዱ አዘዞ ደረሱ። ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቁት ውኃ ነው። የሚጠጣ ማለቴ ነው፤ ጠርሙሶቹን ገና አላወጡም ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይያዝብኛል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

«ለምን ሄዳችሁ? ነፍስ አይበልጥም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። በሊቢያ ከደርና ከተማ በላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች ጥገና በ2011 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሣ ተቋረጠ፤ ሠራተኞቹ ወጡ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ። እኛ የ2016 ዓ.ም.ን አዲስ ዓመት ልንቀበል ዋዜማ ላይ በነበርንበት ሌሊት ግድቦቹ ተደርምሰው በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ባሕር ተጠርጎ ሄደ። ከኛ ግድብ በታች ያሉትን መንደሮች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ ዘመድ የሌለው ሰው ከመካከላችሁ ጥቂት ነው።

ፍርሃታችሁም ከንቱ አልነበረም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በሶርያ የጠብቃ ግድብ ሲመታ፣ ተዋጊዎቹ ለአጭር ጊዜ ተኩስ አቁመው ባለሙያዎች ገብተው አደጋውን አስቀርተዋል። ለጥገናው ከገቡት ሰዎች ሦስቱ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ በአየር ጥቃት ተገደሉ። ወደ ግድቡ ስንጓዝ በሁላችንም አእምሮ የነበረው ይህ ነው፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

ሕግ የለም አልልም። የ1977 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም ዓለም አቀፍ የጦርነት ሕጎች፣ ግድብ እንዳይመታ ይከለክላሉ፤ አገራችንም በ1986 ዓ.ም. ተቀብላቸዋለች። ግድብ የሚታወቅበት ምልክት እንኳ አለ፤ በአንድ መስመር ላይ የተደረደሩ ሦስት ብርቱካናማ ክቦች። እኛም በሸራ ላይ ሥለን ከመኪናችን ፊት አሰርነው። በመጀመሪያው ኬላ «ይህ የምን ድርጅት ማስታወቂያ ነው?» ተባልን። ከዚያ በኋላ አያ ከመኪናው ወርደው፣ ነጭ ጋቢያቸውን በዱላቸው ጫፍ አስረው፣ ከፊታችን በእግር ሄዱ። ጋቢው ለሁሉም ገባው። መኪናው በሰው እርምጃ ከኋላቸው ሲከተል፣ እኒያ አዛውንት አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብለው አላዩም። አያ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ውለታዎን የምንከፍልበት የለንም።

ባለቤታቸውንም እንዲሁ አላልፋቸውም። ተኩሱ ሲበረታ ያ ሁሉ ሰው ከነጭቃ ጫማው እቤታቸው ተኝቷል። ለዘር የተቀመጠውን ጤፍ ፈጭተው አብልተውናል። ይህን ያወቅነው ከወጣን በኋላ ነው፤ ብናውቅ ኖሮ እንዴት አድርጎ ይወርድልን ነበር? ለቆሰለው ወንድማችን ነጠላቸውን ቀደው ያሰሩለትም እሳቸው ናቸው። ሐኪሞቹ ያ ማሰሪያ ባይኖር ኖሮ እግሩ አይተርፍም ነበር ብለውናል።

የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ በሁለቱም ወገን መሣሪያ ይዛችሁ ሳለ ያሳለፋችሁን ሁሉ፣ እናመሰግናለን። ገልባጭ መኪና አልገባ ሲል አሸዋና ጠጠር በአህያ ያመላለሳችሁ የመንደሩ ወጣቶች፣ ክብር ይስጥልን። የሚደፈርሰውን ውኃ ያቆመው እናንተ ያመጣችሁት አሸዋ ነው። ለካ እንዲህ ያለ ውኃ አይደፈንም፤ ከደፈኑት በሌላ በኩል ይወጣል። ከሥር አሸዋ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከላዩ ድንጋይ ተደርቦ ውኃው እንዲያልፍ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር ይደረጋል። «ውኃውን ለምን ትተዉታላችሁ?» እያላችሁ ትሥቁብን የነበራችሁ አሁን ከኛ በላይ ታስረዳላችሁ።

ናፍጣ ሲጠፋ ከየጄኔሬተራችሁ የቀነሳችሁልን የፒያሳ ነጋዴዎች፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞችና ነርሶች፣ የዕድራችን አባላት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የጸለያችሁልን፣ ቤተሰቦቻችንን ያጽናናችሁ ጎረቤቶች፣ ሁላችሁንም ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈላችሁ። ስማችሁ ያልተነሣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁን ሆን ብዬ ለደኅንነታችሁ ስል አልጠራሁም፤ ሌሎቻችሁን ደግሞ የደከመ አእምሮዬ ዘሎ ይሆናል። አትቀየሙኝ። በዚያ ጨለማ ዳቦ ያቀበለን እጅ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ያ ሰው ይህን ካነበበ ይምጣና ይንገረን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሠራነው ጊዜያዊ ነው። የውኃውን ከፍታ ዝቅ አድርገን ክረምቱን እንዲያልፍ አድርገነዋል፤ ዋናው ሥራ፣ ግድቡን ቆፍሮ ሲሚንቶና ውኃ በግፊት ማስገባቱ፣ ጥቅምት ላይ ነው የሚጀመረው። ሽማግሌዎቻችን፣ መንገዱን ከአሁኑ እንድትነጋገሩበት አደራ እንላለን። ለአያም የተቋረጠው ደመወዛቸው እንዲከፈላቸው የሚመለከታችሁ ሁሉ አስቡበት። ቦቲያቸው ተቀዷል፤ ቁጥራቸው 42 ነው።