ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ለሰማችሁኝ ሁሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን ጎንደሬዎች፣ ሌላ ከተማም ውጭ ሀገርም ያላችሁ ዘመድ ወዳጆቼ። ከወር በላይ ስልኬን ስላላነሳሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንዳንዶቻችሁ እንደውም ሞታለች ተብሎ ተነግሯችሁ ያለቀሳችሁ አላችሁ አሉ፣ እሱንም ሰምቻለሁ፣ አለሁ እንግዲህ፣ ለቅሶውን ለሌላ ጊዜ አቆዩልኝ። ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ማመስገን ነበረብኝ ግን ትንሽ ሳወራ ትንፋሼ ስለሚያጥር በፅሁፍ ይሁንልኝ።

ለማታውቁኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ደም ግፊት ሳላውቀው ሁለቱንም ኩላሊቴን ጨርሶብኝ ሁለት አመት ተኩል ሆኖኛል እጥበት ከጀመርኩ። ማክሰኞና አርብ ነው ምገባው፣ ሀኪሞቹ ሶስቴ ነው ሚሻለው ይላሉ፣ ኪሴ ደግሞ ሁለቴ ይበቃሻል ይላል።

ነገሩ የጀመረው ከገና በፊት ባለው አርብ ነው። ማሽኑ ላይ ከተኛሁ አንድ ሰአት ሊሞላኝ ሲል ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፉብኝ መሰለኝ፣ ከዛ ጥርሴ መንቀጫቀጥ ጀመረ፣ አልጋው እራሱ አብሮኝ ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢ ደረቡብኝ፣ ብርድ ልብስ ደረቡብኝ፣ ምንም የለም። ማታ ቤት ስገባ ጭራሽ እንዳልታመመ ሰው ሆንኩ። ማክሰኞ ደግሞ ያው። በቀደም ደንቢያ ለለቅሶ ወርጄ ስለነበር ወባ ነው ተባለ፣ ደም ተመረመርኩ የለም። ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድሀኒቱን ዋጥኩ፣ አርብ ተመልሶ መጣ። እናቴ ብርድ መቶሽ ነው ብላ የአርባዕቱ እንስሳን ጠበል ይዛ ከች፣ እሱንም ተጠመቅኩ (እናቴ ይሄን ካነበብሽ ጠበሉን አላማሁም)። እኔም ሰው ሳስቸግር እየመሰለኝ ሲጀምረኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም ማለት ጀምሬ ነበር፣ ሌሎቹም ለካ ዝም ብለው ነው።

አሁን ወደ ዋናዋ ልምጣ። ሲስተር፣ ስሜን አትጥሪ ስላልሽኝ አልጠራሽም፣ ግን ራስሽን ታውቂያለሽ። እሷ ወደኛ ሽፍት ከተቀየረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር፣ ባለ 50 ገፅ የተማሪ ደብተር አላት፣ የሁላችንንም ሙቀት ስንገባ፣ መሀል ላይና ስንወጣ ትፅፋለች፣ ማንም አላዘዛትም። ያን ማክሰኞ እኔ ስጀምር አጠገቤ ያሉት ከዳባት ሚመጡት ጋሼም ጀመራቸው፣ ጥግ ላይ ያለው ተማሪ ልጅም አስመለሰው። ሮጣ ደብተሯን አምጥታ እያገላበጠች ቆመች፣ ፊቷ ሲቀየር እስካሁን ይታየኛል፣ «ወባ ሶስት ሰው ላይ በአንድ ሰአት፣ ያውም እጥበት ቀን ጠብቆ አይነሳም» አለች። ደግሞ ለዶክተሩ እስክትደውል አልጠበቀችም፣ የሶስታችንንም ማሽን አስቆመችው። ግፊቴ 70 በ40 ነበር አሉኝ በኋላ፣ ሙቀቴ 39.4። እኔ ማስታውሰው እጄን ይዛ «እናቴ አይንሽን እንዳትከድኚ» ስትለኝ ብቻ ነው።

በኋላ እንደሰማሁት ከዛ ወዲያ የሆነው ነው ከባዱ። ውጭ ተረኛ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ሽፍቱ ለምን ይቆማል ብለው ተቆጥተዋታል፣ ወረፋው ይዛባል ተብላለች። እሷ ደግሞ ውሃው ሳይመረመር አንድም ሰው አላስገባም ብላ በሩ ላይ ቆመች። የማዕከሉን ስም አልፅፍም፣ እዛው ነው አሁንም ምታጠበው፣ መጣላትም አልፈልግም፣ ግን የውሃው ናሙና ለስንት ወር ሳይመረመር እንደቆየ ሳውቅ አልተናደድኩም ብል ውሸት ይሆናል።

ብዙዎቻችሁ ሆስፒታል ስትጠይቁኝ «ውሃ እንዴት ነው ደም ውስጥ ሚገባው» ብላችሁኛል፣ እኔም እስከዛ ቀን አላውቅም ነበር፣ ያስረዳኝ ባዮሜዲካሉ ልጅ ነው፣ የማዕከሉን ማሽኖችና የውሃ መስመር ሚጠግነው፣ ሁለተኛው ትልቅ ምስጋናዬ ለሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደማችን በፊልተሩ ውስጥ ሲያልፍ ከስስ ገለፈቱ ማዶ ውሃ ያልፋል፣ ቆሻሻውን ሚወስደው ያ ውሃ ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ነው፣ አራት ሰአት ስትተኛ 120 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20ው ጀሪካን ስድስት! ሰው ሚጠጣው ውሃ በሆዱ ያልፋል፣ ጨጓራም አንጀትም አለ ሚከላከል፣ የኛን ግን ከደማችን ሚለየው ያ ስስ ነገር ብቻ ነው። ባክቴሪያው ራሱ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አያልፍም፣ ሲሞትና ሲሰባበር ግን ከገላው ሚወጣው መርዝ ኢንዶቶክሲን ይባላል፣ ስባሪው ሾልኮ ያልፋል፣ እሱ ነው እንደዛ ሚያንቀጠቅጠው። ስለዚህ ውሃውን አፍልቶ ባክቴሪያውን መግደል ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፣ ሬሳውም ይጎዳል አለኝ ልጁ፣ ሳልወድ ሳቄ መጣ።

ጎረቤቶቼ እግዜር ይስጣችሁና መፍትሄ ስታፈላልጉ ሰነበታችሁ። አንዷ እትዬ ሃይላንድ በካርቶን ገዝተን እንውሰድላት አሉ፣ 120 ሊትሩን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሌላው ውሃ አጋር፣ ያን የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ክሎሪን፣ ለምን አይጨምሩበትም አለኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው እኔም ልጁን ጠይቄው ነበር። ክሎሪን ለመጠጥ መልካም ነው፣ በእጥበት በኩል ደም ጋ ከደረሰ ግን ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ካርቦን ውስጥ አሳልፈው ሚያወጡት። ክፋቱ ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ ውሃው ጠባቂ የለውም፣ ከዛ ወዲያ የትም ቦታ ከቆመ ባክቴሪያ ይራባበታል።

የኛም ውሃ ቆሞ ነው የተገኘው። የኛን ከተማ ታውቁታላችሁ፣ ቧንቧ በፈረቃ ነው፣ አንዳንዴ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይጠፋል፣ የአንገረብን ግድብ ደለል ሞላው ሲባል እየሰማን ነው ያረጀነው፣ የመገጭ ግድብም ሲጠበቅ ሲጠበቅ። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ እንግዳው ይመጣል ውሃው ይሰወራል፣ ስለዚህ ማዕከሉ በቦቴ እያስመጣ ሮቶ ይሞላል። አር ኦ ሚሉት ማጣሪያው ይሄን ሁሉ ይችላል ብለው ነው። ልጁ ግን ያን ቀን ከሮቶው ጀምሮ ቱቦ ቱቦውን ተከትሎ ሲሄድ መስኮቱ ስር ድሮ ማሽን የነበረበት ቦታ ደረሰ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ሲነሳ ቱቦውን በክዳን ደፍነው ትተውታል፣ ውሃው እዛች ጥግ ገብቶ ይቆማል አይወጣም። ክዳኑን ፈቶ ጣቱን ሲያስገባ ዝልግልግ ያለ ነገር፣ ጎንደር ውስጥ ጀሪካን ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ያን ነገር፣ በጠጠርና በአሸዋ እያንገጫገጭክ ምታስለቅቀው። ባክቴሪያው እዛ ውስጥ ቤት ሰርቶ ተቀምጦ እየተቆረሰ ወደኛ ይመጣል፣ በረኪና ብታፈስበት እንኳ ላይ ላዩን ነው ሚነካው። ያን ቱቦ ቆርጦ አወጣው፣ ሮቶውን ውስጡ ገብቶ ፈተገው፣ መስመሩን በሙሉ ሁለት ሌሊት እዛው እያደረ በመድሀኒት አጠበ። ናሙናውን ልከው ባክቴሪያው እስኪያድግ 7 ቀን ይጠበቃል፣ በ1 ሚሊ ሊትር ከ100 በታች መሆን ሲገባው፣ እንደውም 50 ሲደርስ ነው መሯሯጥ ሚጀመረው፣ የኛው ከዛ በጣም አልፎ ተገኘ።

ከተሻለኝ በኋላ የእህቴ ልጅ በስልኩ ያነበበልኝን ልንገራችሁ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ብራዚል ካሩዋሩ በምትባል ከተማ አንድ የእጥበት ክሊኒክ በድርቅ ምክንያት ከግድብ በቦቴ ያመጣው በደንብ ያልታከመ ውሃ፣ ግድብ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሚንሳፈፈው ነገር ያመነጨው መርዝ ነበረበትና ከ50 በላይ ታካሚ ጉበቱ ተበላሽቶ ሞቷል። በቦቴ ሲለኝ ስልኩን አጥፋው አልኩት።

የቀረውን ባጭሩ። ደሜም ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ሆስፒታል 11 ቀን ተኛሁ፣ ጥምቀትን አልጋ ላይ ሆኜ በስልክ አሳለፍኩት፣ ተማሪዎቼ ከፋሲል መዋኛ በቪዲዮ ደውለው ታቦቱን አሳዩኝ፣ ውሃው ሲረጭ እነሱ ይጮሃሉ እኔ አለቅሳለሁ። ከሆስፒታል ስወጣ መስመሩ ገና አልተፈቀደም ነበርና ባህርዳር ሁለቴ ተወስጄ ታጥቤያለሁ፣ በዛ መንገድ ይዘውኝ የሄዱት ወንድሜና ጓደኛው ውለታቸውን ፈጣሪ ይክፈላቸው፣ ሙዝና ብርቱካን አምጥታችሁ ሳልነካው ያያችሁኝም እንዳትቀየሙ፣ ፖታሺየም ሚባል ንጥረ ነገር ስላለበትና የኔ ኩላሊት ስለማያስወጣው ነው፣ ደሜ ውስጥ ከፍ ካለ ልብ ይጎዳል። የእድራችን ሰዎች፣ ደጅ ስትመላለሱ የሰነበታችሁ፣ ደም የሰጣችሁት አራት ወጣቶች፣ ትምህርት ቤቴ ውስጥ የኔን ክፍለ ጊዜ ተካፍላችሁ ያስተማራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከሸማቾች ጤፉን ተሰልፋችሁ ያስገባችሁልኝ፣ ሁላችሁንም በጣም ነው ማመሰግነው። የልጆቼ አባት ደግሞ አንተን ቤት ውስጥ ነው ማመሰግንህ።

የዳባቱ ጋሼ ደህና ናቸው፣ ቆሏቸውን ይዘው መምጣት ጀምረዋል፣ ጨው የለበትም እያሉ ይምላሉ፣ አለበት። ተማሪውም ልጅ ተሽሎት ገብቷል፣ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ለሚደረገው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ምርመራ ጀምሯል፣ እህቱ ልትሰጠው ነው።

ማዕከሉም ለእውነት ከሆነ አሁን ተለውጧል። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ የውሃው ምርመራ መቼ እንደተደረገ ውጤቱ ስንት እንደሆነ በየወሩ ይፃፋል፣ እኔም ስገባ ከኪሎዬ በፊት እሱን ነው ማነበው፣ መነፅሬን ረስቼ ከመጣሁ ሲስተር ታነብልኛለች። እጥበት ላይ ያላችሁ ወይ ሚታጠብ ሰው ያላችሁ፣ ስትንቀጠቀጡ እንደኔ ጥርስ ነክሳችሁ ዝም እንዳትሉ፣ አጠገባችሁ ያለውንም አንተስ በሉት።

ትናንት ማክሰኞ ገብቼ አራቱን ሰአት ጨረስኩ፣ ስወጣ ሙቀቴ 36.6፣ ደብተሩ ላይ ስትፅፈው አይቻለሁ።

በመጨረሻ፣ ያን ቀን ከማዕከሉ ወደ ሆስፒታል አምቡላንስ ሲጠፋ በባጃጅ ያደረስከኝ ልጅ፣ ስምህን አልጠየኩም፣ ባለቤቴ እንዳለው ቀጭን ነህ፣ አዘዞ መስመር ነው ምትሰራው፣ ሂሳብ አልቀበልም ብለህ ሄድክ። ያለበስከኝ ጋቢ እኛ ጋር ነው፣ ታጥቧል፣ ማራኪ ከታክሲ ማዞሪያው ከፍ ብሎ ሰማያዊ በር አለ፣ መጥተህ ውሰድ፣ ቡና ይፈላልሃል።