ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፦ የተቀበረ ዘንግ ብቻውን ሰው አያድንም

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በቤት ውስጥ ዝርጋታ የምተዳደር ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ብዙ ደንበኞቼ፣ ከሙያ ባልደረቦቼም ጥቂት የማይባሉት፣ የኧርዝ ሽቦ ሥራው ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ መሬት ውስጥ ማስቀረት ይመስላቸዋል። ኤሌክትሪክ ግን መሬት ገብቶ አይቀርም። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር የወጣው ሁሉ ወደዚያው ትራንስፎርመር ይመለሳል፤ አፈሩ ከመመለሻ መንገዶቹ አንዱ ነው፣ ያውም ደካማው።

የእንጀራ ምጣድ ሽቦ ተልጦ የምጣዱን ብረት ነካ እንበል። የኧርዝ ሽቦው የታሰረበትና በግቢው የተቀበረው ዘንግ ከአፈሩ ጋር ያለው መቋቋም 20 ኦም፣ የትራንስፎርመሩ ዘንግ ደግሞ 2 ኦም ቢሆን፣ በ220 ቮልት የሚመለሰው 10 አምፔር ብቻ ነው። የምጣዱ ብሬከር (ፍሰት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው) 20 ወይም 25 አምፔር ስለሆነ አያቋርጥም። ብረቱም 200 ቮልት ተሸክሞ ይቆያል፣ ጋጋሪዋ እርጥብ እጇን እስክታሳርፍበት ድረስ። በዓይን ለሚያይ ሰው ግን ዘንጉም አለ፣ ሽቦውም አለ፣ ሁሉም ተሟልቷል! በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ሃያው ኦም ይጨምራል። በዘንጉ ዙሪያ ጨውና ከሰል መሙላት የሚባለው ዘዴ ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርገውም ብሬከሩን ወዲያው የሚያስቆርጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አያመጣም። ለዚያ ከ200 አምፔር በላይ ሊያስፈልግ ይችላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ የሚወጣውንና የሚመለሰውን ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ያቋርጣል። ዘንጉ 100 ኦም ቢሆን እንኳ ያን ጊዜ ብረቱ ላይ የሚኖረው 3 ቮልት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ቤት ከመስመር ጋር ከመገናኘቱ በፊት የሚሞላው ቅጽ "ኧርዝ አለ ወይ?" በሚል ጥያቄ እንዳይወሰን፤ በመሣሪያ የተለካው ኦምና አርሲዲው የቆረጠበት ጊዜ ይጻፍበት። ለሶኬቶችና ለምጣድ መስመር አርሲዲ ግዴታ ይሁን። ኒውትራልን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ፣ እና ኧርዝን በዋናው ማከፋፈያ ማገናኘት የሚፈቀደው በየትኛው ኔትወርክ እንደሆነም ለባለሙያዎች በይፋ ይነገር። አንዳንዶች ሶኬቱ ውስጥ ያገናኟቸዋል፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የፍሪጁ አካል ራሱ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከመ፣ ይሆናል።

ኦሙና አርሲዲው የሚለካበት መሣሪያ ውድ ነው የሚል ተቃውሞ ከእኛው ከባለሙያዎቹ መነሳቱ አይቀርም፤ እውነትም ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መሣሪያውን በቀን ኪራይ የሚሰጡበት አሠራር ቢዘረጋ ግን ሰበቡ ይጠፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኤሌክትሪሺያን