ብጉንጅ የወጣበት ልጅ ደሙ አልቆሸሸም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ብጉንጅ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ብጉንጅ ደጋግሞ የሚወጣበት ሰው ደሙ የቆሸሸ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የወረደ ነው ይላል። በዚህ አልስማማም። እዚሁ ድሬዳዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። መግል ስላይድ ላይ ቀብቶ ማይክሮስኮፕ ስር ማየት የዕለት ሥራዬ ነው። እንዲህ ያለ አባባል ደግሞ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

እዚህ ሳቢያን ሰፈር አንድ የጎረቤቴ ልጅ አለ። 9 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ካየ እህል ውሃ አይልም። በግንቦት ጭኑ ላይ ብጉንጅ ወጣበት። እናቱ «ከሙቀቱ ነው» አለች፣ አክስቱ «ደሙ ቆሽሾ ነው» አለች፣ ልጁም ማፈር ጀመረ። ከአንድ ፋርማሲ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ተገዛለት። በሳምንቱ እብጠቱ ቡጢ አክሎ፣ ልጁን ትኩሳት አንዘፍዝፎት፣ በሌሊት ባጃጅ ለምነን ይዘነው ሄድን። ተበጣለት፣ መግሉ ወጣ፣ ዳነ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መግሉ ነው። ከጥጡ ጋር ተጣለ። ባክቴሪያዋን አሳድገን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድላት የምንለይበት ካልቸር የሚባል ምርመራ አለ፤ ማንም አላዘዘለትም።

በእንዲህ ያለ መግል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኛት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ነው፤ በአጭሩ ስታፍ። ስታፊሎኮከስ የሚለውን ስሟን ያወጣላት አሌክሳንደር ኦግስተን የተባለ የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ። እሱም መግል በማይክሮስኮፕ ሲያይ የወይን ዘለላ መስላ ነበር ያገኛት። ከሦስት ሰው የአንዱ አፍንጫ ውስጥ ገደማ ምንም ሳታደርግ ትኖራለች፤ ጤነኛ፣ በልቶ ያደረ ሰው አፍንጫ ውስጥም ጭምር። ቆዳ ሲጫር ወይም ሲላጭ ቀዳዳ ታገኛለች። ያኔ ትገባለች።

ስትገባ ደግሞ ሰውነት ዝም አይላትም። ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፉባታል። መግል እኮ በአብዛኛው በዚያ ውጊያ ላይ የወደቁ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ልጁ የመከላከል አቅም ባይኖረው ኖሮ ያን ያህል መግል ከየት ይመጣ ነበር?

አሁን ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ስታፍን ከሌሎች የምንለይባቸው ምርመራዎች፣ አብዛኞቹ እሷ ከሰውነት የምታመልጥባቸውን ዘዴዎች የሚያሳዩ ናቸው። ከባክቴሪያዋ ቆንጠር አድርገን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጠብ ስናደርግባት ወዲያው አረፋ ታወጣለች። ነጭ የደም ሴልም የዋጠውን ባክቴሪያ ከሚገድልባቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ኬሚካል ነው፤ እሷ ግን ወደ ውሃና ኦክስጅን ትቀይረዋለች። ሳህን ላይ ስናሳድጋት ወርቅማ ቢጫ ትሆናለች፤ ኦሪየስ የተባለችውም በዚሁ ነው። ቀለሙም ሥራ አለው፤ ነጭ የደም ሴል የሚለቅባትን የሚያቃጥል ኬሚካል ይመክትላታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የፕላዝማው ነው። የደም ፕላዝማ ያለበት ቱቦ ውስጥ ጨምረናት ጥቂት ሰዓት ስንጠብቅ እንደ እርጎ ይረጋል፤ ቱቦውን ባዘነብለውም አይፈስም። ሰውነት ውስጥም የምታደርገው ይህንኑ ነው። የገዛ ደማችንን አርግታ ዙሪያዋን ትጋርዳለች፤ ሊገድላት የመጣው ሴል በቀላሉ አይደርስባትም። የምንውጠው መድኃኒትም ወደዚያ እንደ ልብ አይዘልቅም። ትልቅ ብጉንጅ በባለሙያ እጅ መበጣት ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ፕሮቲን በአንድ በኩል ባክቴሪያውን ይይዛል፣ በጅራቱ በኩል ነጭ የደም ሴልን ይጠራል። ስታፍ ፕሮቲን ኤ በሚባል ነገር ጅራቱን ቀድማ ትይዘዋለች። ተገልብጦ ይቀራል፣ መጥራት አይችልም። ይህ ሳያንስ ነጭ የደም ሴሉን ራሱን የሚበሳ መርዝ አላት። ሴሉ ሲሞት ዲኤንኤውን እንደ መረብ ይዘረጋባታል፤ መረቡንም የሚቆራርጥ ኢንዛይም አላት። እሱንም ላቦራቶሪ ውስጥ እንመረምረዋለን።

እንግዲህ ብጉንጅ የሚመላለስበት ሰው ደካማ ነው የምትሉት ይህን ሁሉ ከምታውቅ ባክቴሪያ ጋር የሚታገለውን ሰው ነው። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው በአብዛኛው ዳግም አይይዘውም። ስታፍ ግን ትመለሳለች። ሰው ላይ የተሞከሩባት ክትባቶችም እስካሁን አልተሳኩም።

ስለ አራቱ ፍሬ አሞክሳሲሊን ደግሞ ልጨምር። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነው። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ስታፍ ያሳደገበት ሳህን ላይ ሻጋታ ወድቆ ነው፤ ያኔ ሞተችለት። ዛሬ አብዛኞቹ ስታፎች ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሜቲሲሊን የተባለ ሌላ መድኃኒት ሥራ ላይ ዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 እሱንም የተላመደ ስታፍ እንግሊዝ አገር መገኘቱ ተጻፈ። ስለዚህ ያለ ምርመራ፣ ያውም አራት ፍሬ ብቻ መስጠት ልጁን አያድነውም፤ የሚጠቅመው መድኃኒቱን የለመደችውን ባክቴሪያ ነው።

ዓምዳችሁ ብዙ ሰው ያነበዋል፣ ስለዚህ እባካችሁ ይህን ጻፉልን። ብጉንጅ አይጨመቅ፤ ንጹህ ጨርቅ ሞቅ ባለ ውሃ እየነከሩ ይያዝበት። ትኩሳት ካለ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ አፍንጫና ከንፈር አካባቢ ከሆነ ወይም ሰውየው ስኳር ካለበት ቶሎ ይታይ። ፎጣና ምላጭ አንዋዋስ፤ ፀጉር ቤት ስንሄድም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ እንጠይቅ። ብጉንጅ ሲመላለስ ደግሞ መግሉ ወደ እኛ ይላክ። ሐኪሞችንም የምለምነው ይህንኑ ነው።

የልጁ እናት ጽሑፋችሁን አንብባ ልጇን ምን እንዳላበላችው ስታስብ ሰነበተች። እርማቱን በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ቦታ ላይ ብታወጡላት ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ